ዕጩው ገንዘብ ሲጠይቅ፦ ለወሎ ነጋዴ ማኅበራት የአሠራር መመሪያ

ምርጫ በተቃረበ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። አንዱ ከሐይቅ ይደውላል፣ አንዱ ከኮምቦልቻ፣ ሌላው ከወልድያ። ጥያቄው ግን ያው ነው። «ጸሐፊ፣ ዕጩው መጥቶ ነበር። ማኅበሩ ያግዘኝ ይላል። ከማኅበሩ ሣጥን አውጥተን ብንሰጠውስ?»

ከሣጥን አታውጡ።

ይህን ብዬ ብዘጋው ደስ ባለኝ። ግን ወዲያው «ታዲያ እንዴት እናግዘው?» ይመጣል። የዚህኛው መልስ ከአቦል እስከ በረካ ይወስዳል። በስልክ ደግሜ ደጋግሜ ከምናገረው ብዬ ጻፍኩት።

እዚህ የማስረዳው አንድ ነገር ነው። አባላት በፈቃዳቸው፣ በስማቸው፣ ከኪሳቸው ለፓርቲ ወይም ለግል ዕጩ ሲሰጡ ማኅበሩ እንዴት እንደሚያስተባብር። «የድጋፍ ፈንድ» ስል ማን፣ ለማን፣ ስንት፣ መቼ እንደሰጠ የሚጻፍበትን መዝገብ ማለቴ ነው። ገንዘቡ በማኅበሩ እጅ አያልፍም። ከአባሉ ተነሥቶ በቀጥታ የተቀባዩ ባንክ ሒሳብ ይገባል።

ከቅሬ (ከዕድር) ጋር ደግሞ አታምታቱት። ቅሬ ላይ ሁሉም እኩል ያዋጣል። ያላዋጣ ይቀጣል። ገንዘቡም የጋራ ነው። የምርጫ ድጋፍ ላይ ሦስቱም አይሠሩም። የእኛ ማኅበራት አብዛኛው ስህተት የሚመጣው የለመድነውን የቅሬ አሠራር እዚህ ይዘን ስንገባ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ፣ ማሻሻያው ካለም ከነማሻሻያው
- የምዝገባ ምስክር ወረቀት ቅጂ
- የወቅቱ የአባላት ዝርዝር (የሞቱትና የለቀቁት የተሰረዙበት)
- የምርጫ አዋጁ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ አንድ ቅጂ
- ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ገጹ አስቀድሞ ቁጥር የተጻፈበት መዝገብ
- የፈቃደኝነት ቅጽ (ናሙናው ደረጃ 6 ላይ አለ)
- ሁለት ክላሰር፣ አንዱ ለዋናው አንዱ ለኮፒው
- ደህና ካሜራ ያለው ስልክ

የገንዘብ መሰብሰቢያ ካርኒ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ረስቼው አይደለም። ካርኒ ከቆረጣችሁ ገንዘቡን ማኅበሩ ተቀበለ ማለት ነው፤ የምንሸሸው ደግሞ እሱን ነው።

ደረጃ 1፦ በየትኛው ሕግ እንደተመዘገባችሁ እዩ

ሁሉም «ማኅበር» አንድ አይደለም። የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች የተቋቋሙት በአዋጅ ቁጥር 341/1995 ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ይመራሉ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ሆኖ የተመዘገበ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። የምዝገባ ወረቀታችሁ ላይ የትኛው እንደተጠቀሰ አንብቡ። ሦስተኛው ከሆነ በማኅበሩ ስም ለፓርቲ አንድ ብር እንዳይወጣ። ሌሎቹም ብትሆኑ የዚህ መመሪያ አካሄድ ያው ነው፤ የማኅበሩ ገንዘብ አይነካም።

ቀጥሎ መተዳደሪያ ደንቡን ክፈቱ። «ዓላማ» የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ። ብዙ ደንብ ላይ «ማኅበሩ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ገለልተኛ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ካለ፣ ማኅበሩ መዝገብ መያዝም ማስተባበርም የለበትም። ማድረግ የሚችለው ደረጃ 4ን ብቻ ነው፤ ዕጩዎችን በሙሉ ጠርቶ መጠየቅ። መስጠት የፈለገ አባል በግሉ ይሰጣል።

ይህ ደረጃ ለምን ያስፈልጋል? አንድ የተከፋ አባል ደንቡን ይዞ ቢከስ የመጀመሪያው ማስረጃ ያ ዐረፍተ ነገር ስለሆነ ነው። የተከፋ አባል የሌለው ማኅበር ደግሞ እስካሁን አላየሁም።

ነገሩ ካልጠራላችሁ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድን በደብዳቤ ጠይቁ። የስልክ መልስ አይበቃም። ደብዳቤ ቁጥርና ቀን አለው፣ ክላሰር ውስጥ ይገባል።

ደረጃ 2፦ ጠቅላላ ጉባኤ ጥሩ

ቀኑን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ደሴ ከሆናችሁ ሰኞ ገበያ ነው፤ ባቲም እንደዚሁ። ዓርብ ቀትር ጁምዓ አለ፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ። እኛ አንድ ጊዜ ዓርብ በ6 ሰዓት ጠርተን ግማሹ አባል ቀረ። የቀሩትም «ሆን ብላችሁ ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው፣ ማሰብ ነበረብን። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ከሰዓት ይሻላል።

ጉባኤው የሚወስነው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦

ሀ) ማኅበሩ የአባላቱን የፈቃደኝነት ድጋፍ በመዝገብ ያስተባብር ወይስ አያስተባብር፤
ለ) ይህን የሚሠሩ ሦስት ሰዎች እነማን ናቸው፤
ሐ) ለአንድ አባል የሚመከረው ጣሪያ ስንት ነው።

ማን ይደገፍ የሚለውን ጉባኤ ላይ አታንሱ። ይህ እያንዳንዱ አባል ብቻውን የሚወስነው ነው። ጉባኤ ላይ ድምፅ ከተሰጠበት ተሸናፊው ወገን «ማኅበሩ በኔ ላይ ወሰነ» ብሎ ይወጣል። ከዚያ የምርጫው ቀን ካለፈ በኋላም ሱቅ ለሱቅ መኮራረፍ ነው።

ጣሪያው ለምን? ሀብታሙ አባል 100,000 ብር ሲያስመዘግብ አጠገቡ ያለችው በርበሬ ሻጭ 200 ብሯን ይዛ ታፍራለች። አፍራም ዝም ትላለች፣ ወይም ከአቅሟ በላይ ትጽፋለች። ጣሪያው ዝቅ ቢል ጥሩ ነው።

ቃለ ጉባኤው ላይ ይህን የመሰለ ዐረፍተ ነገር ይግባ፦ «ማኅበሩ የአባላትን መዋጮ፣ የመመዝገቢያ ክፍያም ሆነ ሌላ የጋራ ገንዘብ ለምርጫ ድጋፍ አያውልም። ድጋፍ የሚሰጥ አባል በራሱ ስምና ከራሱ ገንዘብ ይሰጣል። ያልሰጠ አባል መብቱ አይጓደልም።» የተገኙት ሁሉ ይፈርሙ። ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ ጉባኤው እንዳልተደረገ ይቆጠራልና እንደገና ጥሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዕጩው አዳራሹ ውስጥ እንዳይኖር። «ሰላም ብዬ ልውጣ» ቢልም ደጅ ሻይ ጋብዙት። ዕጩ ፊት እጅ የሚያወጣ ሰው በነፃነት አያወጣም።

ደረጃ 3፦ ሦስት ሰው ምረጡ

ሥራቸው ቅጽ ማስሞላት፣ የባንክ ወረቀት ኮፒ መሰብሰብና መዝገብ መጻፍ ነው። የፓርቲ አባል የሆነ አይግባ። ዕጩ የሆነ አይግባ። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥም አይግባ፤ እሱ ከገባ ሰው ሁለቱን ኪስ ያምታታል።

ዘመድ የሆነስ? ወሎ ላይ ከሦስት ሰው አንዱ የዕጩው አክስት ልጅ መሆኑ አይቀርም። ዘመድ ያልሆነ ስትፈልጉ ምርጫው ያልፋል። መፍትሔው ዝምድናውን ቃለ ጉባኤ ላይ መጻፍና የዚያን ዕጩ ወረቀቶች ሌሎቹ ሁለቱ እንዲይዙ ማድረግ ነው።

ደረጃ 4፦ ዕጩዎችን እኩል ጠይቁ

አባላት ከመስጠታቸው በፊት መስማት አለባቸው። አንድ የጥያቄ ወረቀት አዘጋጁ። ለሁሉም ዕጩዎች፣ ለምትወዱትም ለማትወዱትም፣ በአንድ ቀን ላኩ። ማን መቼ እንደተቀበለ አስፈርሙ። ለአንዱ ብቻ ከላካችሁ ጥያቄው ቅስቀሳ ይሆናል።

ጥያቄውን ከምክር ቤቱ ሥልጣን ጋር አገናኙት። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደረውን የገበያውን መጸዳጃ ቤት ብትጠይቁት «እንሠራለን» ይላችኋል፤ ሥራው ግን የእሱ አይደለም። እሱን የፌዴራል የንግድና የጉምሩክ ሕግ ጠይቁት። የክልል ምክር ቤት ዕጩውን ግብር ጠይቁት፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልል ነው። የከተማ ምክር ቤት ከሆነ የመሸጫ ቦታ አሰጣጥ፣ የጭነት ማራገፊያ፣ ውሃና ጽዳት ጠይቁ። አምስት ጥያቄ ይበቃል። አሥራ አምስት ከላካችሁ መልስ የሚሰጣችሁ የዕጩው ወንድም ነው።

አሁን ትልቁ ማስጠንቀቂያ። የጥያቄው ወረቀትና የድጋፉ ወረቀት በፍጹም አይገናኙ። «ሼዱን ካሰጠኸን ይህን ያህል እናሰባስብልሃለን» የሚል ቃል ቢወጣችሁ ነገሩ ድጋፍ መሆኑ ይቀራል። ዕጩው አሁን ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሚታይ ጉቦ ሊሆን ይችላል። በቀልድም ቢሆን፣ በስልክ መልእክትም ቢሆን አትበሉት። ቀልድ ስክሪን ሾት ይደረጋል።

ደረጃ 5፦ ማን መስጠት እንደማይችል ለዩ

አብዛኛው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

የምርጫ አዋጁ ፓርቲዎች ከውጭ ዜጎችና ከውጭ ድርጅቶች፣ ከሃይማኖት ተቋማት እንዲሁም ማንነቱ ካልታወቀ ሰጪ ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። በእኛ ገበያ ይህ እንዴት ይታያል?

የውጭ ዜጋ ሲባል ፈረንጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከጅዳ ወይም ከዋሽንግተን ተመልሶ ፒያሳ ሱቅ የከፈተ፣ የውጭ ፓስፖርት የያዘ ወንድማችንም አለ። ቢጫ ካርድ ይዟል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ንግድ መነገድ ይችላል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። መዝገባችን ላይ አናስገባውም። ልክ ነው፣ ይከፋዋል። ግን የእሱ 5,000 ብር የሌሎቹን ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ያስገባል። ፓስፖርቱ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ዐረብ አገር የሚሠራ ልጅ ለአባቱ የላከው ገንዘብስ? አባትየው በራሱ ስም የሚሰጠው የራሱን ገንዘብ እንጂ ከውጭ «ለዕጩው ስጥልኝ» ተብሎ የተላከለትን መሆን የለበትም።

የሃይማኖት ተቋም። ሀጂውም ቄሱም እንደ ማንኛውም ነጋዴ ከሱቃቸው ትርፍ መስጠት ይችላሉ። የመስጊዱ ወይም የቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ግን አይነካም። የሰበካ ጉባኤ ሒሳብ ያዥ የሆነ አባል ካላችሁ ከየትኛው ደብተር እንዳወጣ ሁለት ጊዜ ጠይቁት።

ማንነቱ ያልታወቀ። «ስሜ ሳይጻፍ 1,000 ብር ያዙልኝ» የሚል ሰው ይኖራል። አብዛኛውን ጊዜ ክፋት የለውም፤ ከሌላው ፓርቲ ደጋፊ ጎረቤቱ ጋር ላለመጣላት ነው። መልሱ ግን «አይሆንም» ነው። በሚስቱ ወይም በሠራተኛው ስም ማስገባትም ያው ነው። በሰው ስም የገባ ገንዘብ ሰጪው አይታወቅም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ጎን ለጎን የሚነግድ አባል ካለም የመሥሪያ ቤቱን መኪና፣ ወረቀትም ሆነ ሰዓት ለዚህ እንዳይጠቀም ንገሩት። የመንግሥትን ንብረት ለቅስቀሳ ማዋል የተከለከለ ነው።

አክሲዮን ወይም ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያለው ነጋዴ ከድርጅቱ ሒሳብ አይስጥ፤ ከራሱ የቁጠባ ሒሳብ ያውጣ። የድርጅቱ ገንዘብ የባለድርሻዎቹ ሁሉ ነው። አንዱ ባለድርሻ ሌላ ፓርቲ ቢደግፍስ?

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች ለሚያነሱት፦ «እዚህ እኮ የነጋዴ ማኅበር የራሱ የፖለቲካ ፈንድ አለው፣ እናንተ ለምን አታደርጉም?» ይላሉ። አለው። ግን እዚያም ሣጥኑ ሌላ፣ ፈንዱ ሌላ ነው። ለኮንግረስና ለፕሬዚዳንት ዕጩዎች የማኅበሩን መዋጮ መስጠት ክልክል ነው። ፈንዱ የተለየ ሒሳብ ይከፍታል፣ በተቋቋመ በ10 ቀን ውስጥ በፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ይመዘገባል፣ የሚሰበስበውም ከተወሰኑ ሰዎች በፈቃድ ብቻ ነው። አንድ ሰው ለፈንዱ በዓመት ከ5,000 ዶላር በላይ አይሰጥም። መስፈርቱን ያሟላ ፈንድም ለአንድ ዕጩ በአንድ ምርጫ ከ5,000 ዶላር አያልፍም። ለከተማና ለክልል ዕጩዎች ደግሞ እንደየክልሉና እንደየከተማው ሕግ ይለያያል። ከዚህ መኮረጅ የምንችለው የኪሶቹን መለየት ነው። ፈንዱን እንዳለ አምጥተን ደሴ ላይ መትከል አንችልም፤ እዚያ ፈንዱን የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው ሕግ የእነሱ ነው።

ደረጃ 6፦ የፈቃደኝነት ቅጽ አስሞሉ

ቅጹ አጭር ይሁን። ናሙናው ይኸው፦

«እኔ ____________ የማኅበሩ አባል ነኝ። ኢትዮጵያዊ ዜጋ ነኝ። ብር ________ ለ____________ በራሴ ስም ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ። ገንዘቡ የራሴ ነው፤ ከሌላ ሰው አልተቀበልኩም። ማንም አላስገደደኝም። ባልሰጥም የአባልነት መብቴ እንደማይነካ ተነግሮኛል። ለዚህ ድጋፍ ምንም ጥቅም ቃል አልተገባልኝም። ፊርማ ________ ቀን ________»

ሰባቱም ዐረፍተ ነገሮች ሥራ አላቸው። አንዱንም አትቀንሱ። በተለይ የመጨረሻውን። አንድ ማኅበር «ሰው ያስፈራል» ብሎ አውጥቶት ነበር። ሰው የሚያስፈራው ቃል ተገብቶለት ከሆነ ብቻ ነው።

ማንበብ የማይችል አባል ካለ ቅጹ ይነበብለት፣ ጣቱን ያሳርፍ፣ ያነበበለት ሰውና አንድ ምስክር ይፈርሙ። አንባቢው ከሦስቱ ኮሚቴ ባይሆን ይመረጣል።

ቅጹን ቤት ለቤት፣ ሱቅ ለሱቅ ይዛችሁ አትዙሩ። ሊቀመንበሩ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ወረቀት ሲዘረጋ «አይ» የሚል ነጋዴ የለም፤ ሰው ያፍራል። ቅጹን ጽሕፈት ቤት አስቀምጡ። የፈለገ መጥቶ ይሙላ። ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ግን የመጣው ሁሉ ፈልጎ የመጣ ነው።

ደረጃ 7፦ ገንዘቡ በቀጥታ ይግባ

ይህን ደረጃ የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። ከዓመታት በፊት፣ ገና ልምዱ ሳይኖረን፣ ጥሬ ገንዘብ በፌስታል ሰበሰብን። ስም በብጣሽ ወረቀት ጻፍን። ወረቀቷ ሻይ ፈሰሰባት። የአራት ሰው ስም ጠፋ። ገንዘቡን ስንቆጥረው ከዝርዝሩ 1,700 ብር ይበልጣል። ይበልጣል! ጎድሎ ቢሆን ከኪሳችን እንሞላው ነበር፤ የተረፈውን ግን የማን ነው እንበል? ሦስት ሳምንት ሙሉ «ስንት ነበር የሰጠኸኝ?» እያልን ሱቅ ለሱቅ ዞርን። አንድ ሽማግሌ እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ «ፌስታሉ ደህና ነው?» ይሉኛል።

ስለዚህ አሁን እንዲህ ነው የምንሠራው።

መጀመሪያ ከፓርቲው ደብዳቤ ጠይቁ። ደብዳቤው የፓርቲው ማኅተም ያለበት፣ የባንኩን ስም፣ የሒሳቡን ስምና ቁጥር የያዘ ይሁን። ፓርቲ የሒሳብ መዝገብ መያዝና በኦዲተር ማስመርመር ግዴታው ነው፤ ሪፖርቱም ለምርጫ ቦርዱ ይቀርባል። ስለዚህ መደበኛ ሒሳብ ያለው ፓርቲ ይህን ደብዳቤ ለመስጠት አያንገራግርም። የሚያንገራግር ካለ ያ ራሱ መልስ ነው።

ሁለተኛ፣ የሒሳቡን ስም ከደብዳቤው ጋር አመሳክሩ። በዕጩው የግል ስም ወይም «በአስተባባሪው» ስም ከሆነ አትላኩ። የግል ዕጩ ከሆነ ለምርጫው ብሎ የከፈተውን ሒሳብ በፊርማው ያሳውቅ፤ የደመወዝ ወይም የሱቅ ሒሳቡ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ አባል ከራሱ ሒሳብ ራሱ ያስተላልፍ። ምክንያት መጻፊያው ላይ «የፓርቲ ድጋፍ» ብሎ ስሙን ይጻፍ። በስልክ ያስተላለፈ የማረጋገጫውን ገጽ ያስቀር። ባንክ ሄዶ ያስገባ ወረቀቱን በዚያው ቀን ፎቶ ያንሣ፤ የባንክ ወረቀት ቀለሙ እየደበዘዘ ይሄዳል።

አራተኛ፣ አባሉ ከፓርቲው ደረሰኝ በራሱ ስም ይቀበል። በማኅበሩ ስም የተጻፈ ደረሰኝ ቢመጣ መልሱት፣ በሰጪው ስም ይቀየር። «አንድ ላይ ጻፍነው፣ ያው ነው» ይሏችኋል። ያው አይደለም። ኦዲተር ያንን ደረሰኝ ሲያይ የሚያየው ማኅበሩ እንደሰጠ ነው።

ከዚያ ኮሚቴው የወረቀቱን ኮፒ ይዞ መዝገቡ ላይ ይጽፋል፦ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ስም፣ መጠን፣ ተቀባይ፣ የባንክ ማጣቀሻ ቁጥር፣ የደረሰኝ ቁጥር። ስህተት ከተጻፈ በአንድ መስመር ይሰረዝና ይፈረምበት። ገጽ አይቀደድ፣ ነጭ ቀለምም አይቀባ።

ደረጃ 8፦ መኪና፣ አዳራሽና ሞንታርቦ

ገንዘብ ብቻ አይደለም ድጋፍ። አይሱዙ ያለው ለሁለት ቀን ያውሳል። ሆቴል ያለው አዳራሽ ይሰጣል። ድንኳንና ሞንታርቦ የሚያከራየው በነፃ ያዘጋጃል። ይህም ይመዘገባል፣ በሰጪው ስም። ዋጋውን ገበያው በሚያከራይበት ጻፉ። መኪናው በቀን 6,000 ብር የሚከራይ ከሆነ ሁለት ቀን 12,000 ብር ነው፤ ነዳጁን ማን እንደቻለም ይጻፍ። ጣሪያውን ስታሰሉ ይህም ይቆጠራል።

የማኅበሩ የራሱ አዳራሽ፣ ወንበርና ማኅተም ግን የሁሉም ነው። ለአንድ ፓርቲ በነፃ ከተሰጠ ለሌላውም በነፃ ይሰጥ። ካልሆነ ለማንም አይሰጥ።

ቀኑንም እዩ። ከድምፅ መስጫው በፊት ባሉት 4 ቀናት ቅስቀሳ የለም። ያኔ የዕጩውን ፎቶ የለጠፈ የአባል መኪና ገበያ መሃል ቢቆም ጥያቄው ለእናንተ ነው የሚመጣው።

ደረጃ 9፦ መዝገቡን ዝጉ

ምርጫው ባለፈ በአንድ ወር ውስጥ ጠቅላላ ድምሩን ለአባላት አሳውቁ። ድምሩን ብቻ። ማን ለማን ስንት እንደሰጠ ግድግዳ ላይ አትለጥፉ፤ የተፎካካሪ ደጋፊ የሆነ ደንበኛ ያንን አንብቦ ሱቅ ሊቀይር ይችላል። አባል የራሱን መስመር ማየት ከፈለገ ግን መብቱ ነው።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ሦስቱም ይፈርሙ። ኮፒውን ሌላ ቦታ፣ ከተቻለም ሌላ ከተማ፣ አስቀምጡ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ወረቀት ምን እንደሚሆን ያየን ሰዎች ነን። ፎቶውንም በኢሜይል ለሁለት ሰው ላኩ።

ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ከወርሃዊ መዋጮ ጋር አብሮ መቀበል። «የዚህን ወር 100 ብርና የዕጩውን 200 ብር አምጣ» ሲባል ሰው ሁለቱንም ግዴታ ያደርገዋል። ወሩም ቦታውም ይለያይ።

ግብር ላይ ማስያዝ። የሒሳብ ሠራተኛችሁ ድጋፉን «ስጦታ» ብሎ ከወጪ ሊያስገባው ይሞክራል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ተቀናሽ የሚሆነው ለበጎ አድራጎት ወይም ለመንግሥት የአደጋ ጊዜ ጥሪ የተሰጠ ነው፤ የፓርቲ ድጋፍ እዚያ ውስጥ አይገባም። ከትርፋችሁ ያወጣችሁት የግል ወጪ ነው።

«የበላይ አካል ብሏል» ብሎ መሰብሰብ። ማንም ኃላፊ ስልክ ደውሎ «ማኅበራችሁ ይህን ያህል ይጠበቅበታል» ካለ ያ ፈቃደኝነት አይደለም። «በደብዳቤ ይጻፉልንና ለጉባኤ እናቅርበው» በሉ። እስካሁን ደብዳቤው የመጣለት ማኅበር አላጋጠመኝም።

ለመራጭ ማደል። ዕጩው «ለእኔ ከምትሰጡ ለሠፈሩ ሰው ዘይት ግዙልኝ» ቢል እምቢ በሉ። ያ ድምፅ መግዛት ነው፤ ወንጀል ነው።

ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች

«ዕጩው ከምርጫው ቢወጣ ገንዘባችን ይመለሳል?» የሰጣችሁት ለፓርቲው ስለሆነ አይመለስም። ለግል ዕጩ ከሆነ ከመስጠታችሁ በፊት ቢወጣ ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ ጠይቁት።

«አንድ አባል ለሁለት ፓርቲ ቢሰጥስ?» ይስጣ። ሁለት ቅጽ ይሞላል፣ ሁለት መስመር ይጻፍለታል። እንዲህ ያሉ አንድ ጋሼ አሉን፤ ልጃቸው በአንዱ ፓርቲ፣ አማቻቸው በሌላው ተወዳድረው ነበር። ለሁለቱም 500፣ 500 ብር አስገቡ። ደረሰኞቹንም ሱቃቸው ውስጥ ጎን ለጎን ሰቀሏቸው።